የዐይነ ስውሩ ዓመት ሲመዘን
እ.ኤ.አ. በ1995 ጄኔቫ ለተሰበሰቡ የጤና ባለሙያዎች አንድ ከባድ ጥያቄ ቀረበላቸው፦ የ1,000 ጤነኞችን ዕድሜ በአንድ ዓመት ማራዘም ይሻላል ወይስ የ2,000 ዐይነ ስውራንን? ከእንዲህ ዓይነት ምርጫዎች ተነሥቶ ለየሕመሙ ክብደት ወጣለት። ዜሮ ሙሉ ጤና፣ አንድ ሞት ነው። ዐይነ ስውርነት 0.6 ደረሰው።

መለኪያው ዳሊ ይባላል፤ ያለ ዕድሜ በሞት የተቀጩትንና በሕመም የተገፉትን ዓመታት ይደምራል። ክሪስቶፈር መሪና አላን ሎፔዝ ያዘጋጁትን ስሌት የዓለም ባንክ በ1993 ሪፖርቱ አወጣው። ቀድሞ አገሮች በዋናነት የሚነጻጸሩት በሞት ቁጥር ስለነበር፣ የማይገድል ሕመም ከሒሳቡ ይቀር ነበር። በአዲሱ ስሌት ግን ድብርት በ1990 ከዓለም የጤና ሸክሞች አራተኛው ሆኖ ብቅ አለ።

በስሌቱ ውስጥ ሊመሰገን የሚገባው ፍርድ አለ። ሴት ልጅ ስትወለድ የሚጠበቅላት ዕድሜ በየትም አገር 82.5፣ የወንድ 80 ዓመት ተደርጎ ተያዘ። ስለዚህ አዲስ አበባ የሞተች ሕፃንም ሆነች ቶኪዮ የሞተችው እኩል ዓመት እንዳጣች ይቆጠራል።

ሌላው ፍርድ ግን ያስቆጣል። በ25 ዓመት አካባቢ ያለ ሰው ዓመት ከሕፃንና ከአዛውንት ዓመት በልጦ ተመዘነ፤ የወደፊቱ ጊዜም በየዓመቱ 3 በመቶ ዋጋ ተቀነሰበት። ተመራማሪዎቹ ሱዲር አናንድና ካራ ሃንሰን ይህን በ1997 አጥብቀው ተቹ፤ ሰውን በዕድሜው ማበላለጥ ተገቢ አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። በ2012 ይፋ በሆነው የ2010 የዓለም የጤና ሸክም ጥናት ሁለቱም አሠራሮች ተነሡ።

ተጠያቂዎቹም ተለወጡ። በባንግላዴሽ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በፔሩና በታንዛኒያ ጠያቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ሁለት ሰዎች አጭር መግለጫ አነበቡ፤ ከሁለቱ ጤነኛው ማን ነው? ብለውም ጠየቁ። የዐይነ ስውርነት ክብደት ከ0.6 ወደ 0.195 ወረደ።

ይህ መውረድ በትራኮማ ከዓለም በጣም ለተጠቃችው ኢትዮጵያ ቀላል ነገር አይደለም። መግለጫው ዐይነ ስውሩ ያለ ረዳት ከቤት መውጣት እንደሚቸግረው ጠቅሷል። ጥያቄው ግን ስለ ጤና ብቻ ነበርና ያላረሰው ማሳ፣ እሱን ለመምራት ከትምህርት የቀረው ልጅ፣ የተቋረጠው ገቢ በክብደቱ ውስጥ አልገቡም። ክብደቱ እንደገና በሚሰላበት ጊዜ በትራኮማ ዓይኑን ያጣው ገበሬና እጁን ይዞ የሚመራው ልጅ ቀድመው ሊጠየቁ ይገባል።