ማኅበራዊ ሰርከስ እና የወጣቶች አቅም ግንባታ፦ የኢትዮጵያ ልምድ ሲመረመር

መግቢያ

ማኅበራዊ ሰርከስ በድህነት፣ በጎዳና ሕይወት፣ በስደት ወይም በአካል ጉዳት ሳቢያ የተገፉ ልጆችና ወጣቶች በሰርከስ ጥበባት አማካይነት አቅማቸውን እንዲያጎለብቱ የሚረዳ አሠራር ነው። የካናዳው የሰርከስ ኩባንያ ሰርክ ዱ ሶሌይ እ.ኤ.አ. በ1995 «ሰርክ ዱ ሞንድ» የተሰኘውን መርሐ ግብር ሲጀምር ዘርፉ በዓለም ዙሪያ ይበልጥ ታወቀ። የአዲስ አበባ ልጆች ግን በዚያን ጊዜ ልምምድ ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ሰርከስ ወጣቱን የሚያበረታው በልምምድ ወቅት በሚፈጥረው የእርስ በርስ ኃላፊነት ነው፤ ተቋሙ ራሱ ይህን ኃላፊነት ለልጆቹ ካልተወጣ ግን ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል።

ታሪካዊ ዳራ

ሰርከስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1991፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በተቋጨበት ዓመት ነው። እንቅስቃሴው ብዙም ሳይቆይ እንደ ጅማና መቀሌ ወዳሉ ከተሞች ተስፋፋ። በትርኢቶቹ እንስሳት አልነበሩም፤ አክሮባትንና ጀግሊንግን (ኳሶችን እያፈራረቁ ወደ ላይ መወርወርና መቅለብን) ከአገር ቤት ሙዚቃና ውዝዋዜ ጋር አዋሕዶ ስለ ኤችአይቪ ኤድስና ስለ ሌሎች ማኅበራዊ ችግሮች ሕዝብን ያስተምር ነበር።

ፍካት ሰርከስ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ተመሥርቶ፣ ወጣቶችን ከማሠልጠን አልፎ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተኙ ሕፃናትን በጨዋታ ሲያስደስት ቆይቷል። የደብረ ብርሃን ሰርከስም አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን በማካተት ይታወቃል።

ልምምዱ ምን ያስተምራል?

የሰው ፒራሚድ ሲሠራ ከታች የሚቆመው ጠንካራው፣ ከላይ የሚወጣው ቀላሉ ነው። ከታች ያለው ትኩረቱ ከተበተነ የሚጎዳው ጓደኛው ነው፤ ከላይ ያለውም ጓደኛውን ካላመነ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ፒራሚዱም ይፈርሳል። ጎዳና ላይ ማንንም አለማመን መትረፊያው ለነበረ ልጅ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። አካሉን የሚያውቀው በረኃብ፣ በብርድና በድብደባ የነበረ ወጣት፣ ያው አካሉ ሌላውን ሊሸከም እንደሚችል ይረዳል።

ጀግሊንግ ደግሞ ስሕተትን ሳይፈሩ መማርን ያለማምዳል። ኳስ የማይወድቅበት ተማሪ የለም፤ አንስቶ እንደገና መጀመር የትምህርቱ አካል ነው። ስለዚህ ከመደበኛ ትምህርት ቤት በውጤት ማነስ ተስፋ ቆርጦ የወጣ ልጅ፣ እዚህ ጥረቱ ፍሬ ሲያፈራ በገዛ ዓይኑ ያያል። ልምምዱ በቃላት ሳይሆን በአካል ስለሚከናወንም፣ በቋንቋ የማይግባቡ አብረው ሊሠሩ ይችላሉ።

የኃላፊነት ጥያቄ

በልምምዱ የሚገነባው መተማመን ግን ልጁን ለአዋቂዎች ሥልጣን ያጋልጠዋል። አሠልጣኙ አካሉን ይይዛል፤ መሪው ማን ወደ ውጭ እንደሚጓዝ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1998 የሰርከስ ኢትዮጵያ አባላት ለትርኢት በሄዱበት አውስትራሊያ ጥገኝነት ጠይቀዋል፤ በአመራሩ በደል ደርሶብናል የሚል አቤቱታም አሰምተዋል። የሕፃናት ጥበቃ ደንብና ገለልተኛ ቁጥጥር የማኅበራዊ ሰርከስ ፕሮግራሞች መሠረት ሊሆኑ የሚገባቸው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የኑሮ ነው። የካምቦዲያው የጥበብ ትምህርት ቤት ፋር ፖንሉ ሴልፓክ እ.ኤ.አ. በ1994 ከስደተኞች ጣቢያ በተመለሱ ወጣቶችና በሥዕል መምህርታቸው ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሲየም ሪያፕ ለጎብኚዎች በሚቀርበው ትርኢት ተመራቂዎች ደመወዝ ያገኛሉ፤ ገቢውም ትምህርት ቤቱን ይደግፋል። በኢትዮጵያ ግን ለብዙ ተሰጥኦዎች እውነተኛው ገበያ ውጭ አገር ነው። ወንድማማቾቹ ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም ያቋቋሙት ሰርከስ አቢሲኒያ ኢትዮጵያውያን አርቲስቶችን በኤድንብራ ፌስቲቫል መድረክ ላይ አሳይቷል። ስኬቱ የሚያኮራ ነው፤ ሆኖም ከአገር መውጣት ብቸኛው የዕድገት መንገድ ከሆነ የሚቀረው ልጅ ተስፋ አይኖረውም።

ማጠቃለያ

ማኅበራዊ ሰርከስ የሚመዘነው በሚያስነሣው ጭብጨባ ሊሆን አይገባም። ልጁ ትምህርቱን ቀጥሏል ወይ? በደል ቢደርስበት የሚሰማው ገለልተኛ አካል አለ ወይ? ከትርኢቱ ገቢ ድርሻውን አግኝቷል ወይ? ካደገ በኋላ በቡድኑ ውሳኔ ላይ ድምፅ አለው ወይ? ለጋሾችም ሆኑ የባህል ተቋማት ድጋፋቸውን በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ሊመሠርቱ ይገባል። እርስ በርስ መሸካከምን የተማሩ ወጣቶች፣ እነሱን የሚሸከም ተቋም ሊነፈጋቸው አይገባም።