የዕንቁላሉን ነገር እሷን ጠይቋት

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ የመጠይቅ ነገር ላውጋችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ‹ላይቭስ› የተባለ ፕሮጀክት በአማራ፣ በትግራይ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ተጀመረ። ገንዘቡ ከካናዳ መንግሥት ነበር። ወተቱ፣ ቅቤው፣ ዶሮው፣ ማሩና የመስኖ አትክልቱ ከገበሬው ደጅ ገበያ እስኪደርስ ያለውን መንገድ፣ የእሴት ሰንሰለት የሚሉትን፣ ለማቃናት ነበር። ታዲያ መቃናቱ በምን ይታወቃል? ገበሬው ከሥራው በፊት ምን እንደነበረው ተጠይቆ ሲመዘገብ ነዋ!

እንግዲህ አንድ መረጃ ሰብሳቢ ምዕራብ ጎጃም ካለ ግቢ ደረሰ እንበል።

«እንደምን ዋላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግባ ልጄ።»

«መሬትዎ ስንት ነው አባቴ?»

«ሁለት ጥማድ።»

ጥማድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው። ተዳፋቱና ለጥ ያለው ግን እኩል አይታረስም። የገበሬው ግምትም ይስታል፤ በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ማሳው በሳተላይት መለኪያ ሲለካ እንደታየው፣ የትንሽ ማሳ ባለቤት አብዝቶ፣ የትልቁ ደግሞ አሳንሶ ይናገራል። ስለዚህ ልጁ ማሳውን ዞሮ ይለካ።

«ዕንቁላልስ በዓመት ስንት ይሸጣል?»

«እሱን እሷን ጠይቃት።»

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው! በብዙ ቤት የዕንቁላልና የቅቤ ገንዘብ በሴቷ እጅ ነው፤ ጨውና በርበሬው፣ የልጆች ደብተር ከዚያ ይወጣል። አባወራውን ብቻ የጠየቀ መጠይቅ ይህን ሁሉ ሳያይ ያልፋል። እሷንም «በዓመት» ብሎ መጠየቅ ማስጨነቅ ነው። «ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ስንት ይዘው ወጡ እናቴ?» ቢላት ግን አንድም ሳታጎድል ትቆጥርለታለች። ባሏ ፊት የማትናገረው ገንዘብም አለና፣ ለብቻዋ ትጠየቅ።

ደግሞ የሽንኩርት ገቢ ቢጨምር ፕሮጀክቱ ያመጣው ነው ወይስ ዋጋው በየቦታው ስለተወደደ? ይህን ለመለየት ፕሮጀክቱ ያልደረሰበትን ቀበሌ ገበሬም መጠየቅ፣ ከዓመታት በኋላም እነዚያው ቤቶች ዘንድ መመለስ ግድ ነው።

መጠይቅ የምታዘጋጁ ሆይ፣ አደራ! ሥራውን ትቶ፣ ቡና አፍልቶ ለሰዓታት የመለሰላችሁ ሰው ውጤቱን ሊሰማ ይገባዋል። ቀበሌው ድረስ ሄዳችሁ ያገኛችሁትን ንገሩት።