ከዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ በኋላ ማገገም

ከዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ በኋላ ማገገም ማለት የተጎዳ የዳሌ መገጣጠሚያው በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የተተካለት ሰው ከቀዶ ሕክምናው ዕለት ጀምሮ የመራመድ፣ የመቀመጥ፣ ደረጃ የመውጣትና ራሱን ችሎ የመኖር አቅሙን እስኪመልስ ድረስ የሚያልፍበት ሂደት ነው። የቆዳው ቁስል በሳምንታት ውስጥ ይድናል፤ የጡንቻ ጥንካሬና ሚዛን መጠበቅ ግን ወራትን ይፈልጋሉ። ሙሉ ማገገም እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። በእግር ላይ እንደገና መተማመንም የሂደቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሕመሙ ከጠፋ በኋላ እንኳ «እወድቃለሁ» ወይም «ይወልቅብኛል» የሚል ፍርሃት ብዙ ሰዎችን ከመንቀሳቀስ ያግዳል።

ቀዶ ሕክምናው

የዳሌ መገጣጠሚያ ክብ የሆነው የጭን አጥንት ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ የሚሽከረከርበት ቦታ ነው። በመካከላቸው ያለው ልም አጥንት ሲያልቅ፣ ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚሄደው ደም ሲቋረጥ ወይም የጭን አጥንት አንገት ሲሰበር መራመድ እጅግ ያማል። በቀዶ ሕክምናው ሐኪሙ የተበላሸውን የአጥንት ራስ ቆርጦ ያወጣና በብረት ወይም በሴራሚክ ኳስ ይተካዋል። ጎድጓዳውንም ጠርጎ አዲስ ሽፋን ያስገባበታል።

ዛሬ ለሚሠራበት አሠራር መሠረት የጣለው እንግሊዛዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ ነው። ቻርንሊ በራይቲንግተን ሆስፒታል ሲሠራ መጀመሪያ የጎድጓዳውን ሽፋን ከቴፍሎን አዘጋጀ፤ ቴፍሎኑ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየተፋቀ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1962 ፖሊኢታይሊን በተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ተክቶት ተሳካለት። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጽሑፍ ይህ ሕክምና «የክፍለ ዘመኑ ቀዶ ሕክምና» ተብሏል። በዚያው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ ከመቶ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያዎች 58 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ገምቷል።

የማገገሚያ ደረጃዎች

በቀድሞው ዘመን ታካሚው ለሳምንታት አልጋ ላይ ይቆይ ነበር። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌትና ሌሎች ያስፋፉት ፈጣን የማገገሚያ ሥርዓት ይህን ለወጠው። አሁን በብዙ ሆስፒታሎች ታካሚው በቀዶ ሕክምናው ዕለት ወይም በማግስቱ ይቆማል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቀድሞ መነሳት የደም መርጋትን፣ የሳንባ ኢንፌክሽንንና የጡንቻ መሟሸሽን ይቀንሳል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፦ ታካሚው በባለ አራት እግር መደገፊያ ወይም በክራንች ይራመዳል። አልጋ ላይ ሆኖ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሳል፣ የጭኑንና የመቀመጫውን ጡንቻ አጥብቆ ይለቃል፣ ተረከዙን በአልጋው ላይ እየሳበ ጉልበቱን ያጥፋል። እብጠትና የቆዳ መበለዝ የተለመዱ ናቸው።

ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት፦ የቁስሉ ስፌት ይወጣል፤ እርምጃው ይረዝማል፤ ከክራንች ወደ ከዘራ ይሸጋገራል። ቆሞ እግርን ወደ ጎን ማንሳት በዚህ ጊዜ ዋነኛ እንቅስቃሴ ነው።

ከስድስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር፦ ብዙ ሰዎች ሐኪማቸው ሲፈቅድ መኪና ይነዳሉ፤ ተቀምጠው የሚሠሩትም ወደ ሥራ ይመለሳሉ። ሸክም ያለበት ወይም ብዙ መቆም የሚጠይቅ ሥራ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ መጠበቅ ይፈልጋል።

ከሦስተኛው ወር በኋላ፦ ማነከሱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጥንካሬና ሚዛን እስከ ዓመቱ ድረስ መሻሻላቸውን ይቀጥላሉ።

ከዘራና ደረጃ

ከዘራ የሚያዘው ቀዶ በተደረገለት እግር በኩል ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ነው። ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም በዚያ ወገን ያሉት የዳሌ ጎን ጡንቻዎች ገላው ወደ ሌላው ጎን እንዳይወድቅ አጥብቀው ይይዙታል። ከዚህ የተነሳ በመደበኛ እርምጃ ጊዜ መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነት ክብደት ሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። በተቃራኒው እጅ የተያዘ ከዘራ የጡንቻዎቹን ሥራ ስለሚጋራ በመገጣጠሚያው ላይ ያለውን ጫና በእጅጉ ያቀላል። ከዘራን ቶሎ መጣል የማገገም ምልክት ተደርጎ ቢታሰብም፣ እያነከሱ ያለ ከዘራ ከመሄድ ሳያነክሱ በከዘራ መሄድ ይመረጣል።

ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ቀዶ የተደረገለት እግርና ከዘራው ይከተላሉ። ሲወረድ ከዘራውና ቀዶ የተደረገለት እግር ይቀድማሉ። በሁለቱም ጊዜ ገላን የማንሳትና ቀስ አድርጎ የማውረድ ሥራ የሚወድቀው በጤነኛው እግር ላይ ነው።

የውልቃት ጥንቃቄ

አዲሱ መገጣጠሚያ ሊወልቅ የሚችልበት ዕድል አነስተኛ ነው፤ ከሁሉ የሚያሰጋው ጊዜ በዙሪያው ያለው ሥጋ ገና ያልጠነከረባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ናቸው። ጥንቃቄው ሐኪሙ በገባበት አቅጣጫ ይለያያል። ከኋላ በኩል ከተገባ ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ፣ እግርን አነባብሮ መቀመጥና ጣቶችን ወደ ውስጥ ማዞር አይፈቀድም። ከፊት በኩል ከተገባ ደግሞ እግርን ወደ ኋላ አርቆ መዘርጋትና ወደ ውጭ ማዞር ያሰጋል። ስለዚህ ታካሚው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት በየትኛው በኩል እንደተገባና የትኛው እንቅስቃሴ እንደተከለከለ መጠየቅ ይኖርበታል።

በራስ መተማመንን መመለስ

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለዓመታት ሕመም የለመደ ሰው እግሩን መጠራጠርም ይለምዳል። ሕመሙ ሲወገድ ጥርጣሬው ወዲያው አይለቅም። ጡንቻዎቹ ደክመዋል፤ የእግሩ ርዝመት የተለወጠ ይመስለዋል፤ አዲሱ መገጣጠሚያም አንዳንዴ ቀጭ ሊል ይችላል። የሚፈራ ሰው እንቅስቃሴውን ይቀንሳል፤ እንቅስቃሴ ሲቀንስ ጡንቻ ይደክማል፤ ጡንቻ ሲደክም የመውደቅ ዕድል ይጨምራል። በዚህ መንገድ ፍርሃቱ የፈራውን ነገር ያመጣል።

የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ፣ ሰው «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከአራት ምንጮች ያገኛል፦ ራሱ ሠርቶ ከተሳካለት፣ እንደ እርሱ ያለ ሰው ሲሳካለት ካየ፣ የሚያምነው ሰው ካበረታታው፣ እንዲሁም የገላውንና የስሜቱን ሁኔታ በትክክል ከተረዳ። ከሁሉ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። በፊዚዮቴራፒ ሥራ ይህ ማለት ግብን መከፋፈል ነው፤ መጀመሪያ ከአልጋ እስከ በር፣ ቀጥሎ እስከ ግቢው፣ ከዚያም እስከ ጎረቤት ቤት። የተራመዱትን ርቀት በደብተር መመዝገብ ቀን በቀን የማይታየውን ለውጥ ያሳያል። ቀደም ብሎ ያገገመ ሰው ማነጋገርም ይረዳል። አራተኛው ምንጭ የድካምና የመሳሳብ ስሜትን ከአደጋ ምልክት መለየትን ይመለከታል፤ ከእንቅስቃሴ በኋላ የመጣ መጠነኛ ሕመም በማግስቱ ከቀለለ መገጣጠሚያው ተጎድቷል ማለት አይደለም።

የቤተሰብ ሚና ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እገዛ የግድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን «እርስዎ ይቀመጡ፣ እኛ እናመጣለን» የሚለው ርኅራኄ ሳይታሰብ ማገገሙን ያዘገየዋል። ታካሚው ራሱ እየተነሳ ውኃ ሲቀዳና ሲለብስ አጠገቡ ሆኖ መጠበቅ ሥራውን ከመሥራት ይሻላል።

ከኢትዮጵያ አኗኗር ጋር የተያያዙ ጉዳዮች

በርጩማና ዱካ ዝቅተኛ በመሆናቸው ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ ያጥፋሉ፤ የቁጢጥ መጸዳጃም እንዲሁ። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበርና የመጸዳጃ ወንበር ማዘጋጀት፣ ከወለል ላይ ምንጣፍ ማንሳትና ሌሊት ወደ መጸዳጃ የሚወስደውን መንገድ በመብራት ማብራት ይመከራል። ቡና የሚፈላውም ከፍ ባለ ወንበርና ጠረጴዛ ላይ ሊሆን ይችላል። መሬት ነክቶ መስገድ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆያል፤ ሙስሊሞች ወንበር ላይ ተቀምጠው መስገድ ይችላሉ፤ ኦርቶዶክሳውያንም ስለ ስግደትና ስለ ጾም ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከራሉ። በጾም ወቅት ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ለቁስል መዳን የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይሰጣሉ።

ዳሌው ቢያምም በወጌሻ ማሳሸትም ሆነ ማስጎተት አደገኛ ነው። የወለቀ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የሚመለሰው በራጅ ከታየ በኋላ፣ ማደንዘዣ ባለበት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሕክምናውን በውጭ አገር ያገኘ ሰው ረጅም በረራ የደም መርጋትን ስለሚያባብስ የመመለሻ ቀኑን ከሐኪሙ ጋር መወሰን፣ የገባለትን መገጣጠሚያ ዓይነት የሚገልጸውን ወረቀትም ይዞ መመለስ አለበት።

አፋጣኝ ሕክምና የሚሹ ምልክቶች

የባት እብጠትና ሕመም የደም መርጋት ምልክት ሊሆን ይችላል። ድንገተኛ የደረት ሕመምና የትንፋሽ ማጠር የረጋው ደም ወደ ሳንባ መሄዱን ሊያመለክት ይችላል። በዚህ ምክንያት የታዘዘው ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። ትኩሳት፣ የቁስል መቅላትና ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ወይም መግል ኢንፌክሽንን ያሳስባሉ። ድንገት የመጣ ብርቱ ሕመም፣ እግር ማጠርና መቆም አለመቻል የውልቃት ወይም የስብራት ምልክቶች ናቸው።

ወደ ስፖርት መመለስ

መራመድ፣ ዋናና ብስክሌት በአብዛኛው ይፈቀዳሉ፤ ሩጫና ግጭት ያለባቸው ስፖርቶች ግን መገጣጠሚያውን ቶሎ ስለሚያስረጁ ብዙ ሐኪሞች አይመክሯቸውም። ሆኖም አሜሪካዊው ቦ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ዳሌው ተጎድቶ በቀጣዩ ዓመት መገጣጠሚያው ከተቀየረለት በኋላ፣ በ1993 ወደ ቤዝቦል ተመልሶ በመጀመሪያው ምቱ ሆም ራን አስቆጥሯል። ብሪታንያን የወከለው ስኮትላንዳዊ የቴኒስ ተጫዋች አንዲ መሪም እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የጭን አጥንቱ ራስ ሳይቆረጥ በብረት ተሸፍኖለት በዚያው ዓመት ጥቅምት የአንትወርፕን ውድድር አሸንፏል። የሁለቱ ታሪክ የባለሙያ ስፖርተኞች ታሪክ በመሆኑ ለሁሉም ታካሚ መለኪያ አይሆንም።

የማገገም መለኪያዎች

ቀላሉ መለኪያ ከወንበር ተነስቶ ሦስት ሜትር ሄዶ፣ ዞሮና ተመልሶ ለመቀመጥ የሚወስደው ጊዜ ነው። የኦክስፎርድ የዳሌ መጠይቅ በ12 ጥያቄዎች ሕመምንና የዕለት ተዕለት ሥራን ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የቀረበ ሌላ መጠይቅ ደግሞ ታካሚው ሲራመድ፣ ሲቀመጥና ሲተኛ መገጣጠሚያው ትዝ ይለው እንደሆነ ይጠይቃል። በዚህ መጠይቅ ከፍተኛውን ውጤት የሚያገኘው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ እንዳለው የረሳ ሰው ነው።