እንዶድ፣ ልብስ አጣቢዎቹና ዶክተር አክሊሉ

የድሮ ተማሪዎች ስንሰባሰብ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ “አንቺ ደግሞ እዚህ ሙያ ውስጥ እንዴት ገባሽ?” ይባላል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ “በአጋጣሚ” ነው። አንዱ ታክሲ ሲጠብቅ ካገኘው ሰው ይጀምራል፣ ሌላዋ ተረኛ በነበረችበት ሌሊት ከመጣ ሕመምተኛ። ወሬው ደስ ይላል፤ ግን አጋጣሚ ብቻውን ምን ያህል ይሠራል? ይህን ሳስብ ሁሌም ትዝ የሚለኝ የእንዶድ ታሪክ ነው። ብዙዎቻችን በክፍል ውስጥ በሁለት መስመር አልፈነዋል። ዛሬ ግን ትንሽ ሰፋ አድርገን ብናየው ጥሩ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የተመለሱ ወጣት ተመራማሪ ነበሩ። ወደ ዓድዋ የሄዱት ቢልሃርዝያን ለማጥናት ነው፤ ሥራቸው በወንዝ ዳር እየዞሩ ቀንድ አውጣ መፈለግ ነበር። በአንድ ቦታ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ከእነሱ በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ታዩ፤ ከእነሱ በላይ ያሉት ግን በሕይወት አሉ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በሳሙና ሳይሆን በእንዶድ ነበር።

ዶክተሩ ከላይኛው ውሃ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው በዕቃ አደረጉ። ከሴቶቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቋት። ጨመረች። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። የመጀመሪያው ሙከራ ይኸው ነው። ላቦራቶሪው ወንዝ ዳር፣ ረዳቷም ልብስ አጣቢ ነበረች።

ለሕክምና ሰው ነገሩ ግልጽ ቢሆንም ለሌሎች አንባቢዎች ላብራራው። የቢልሃርዝያ ትል እንቁላል ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል። ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ይወጣና ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በዓድዋ የሚታየው ዓይነት ዓመታት ሲቆይ ጉበትን ይጎዳል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ሲብስም ደም ያስታውካል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ሴቶቹ እግራቸውን ወንዙ ውስጥ ነክረው የሚያጥቡ ናቸውና በበሽታው ከሚያዙት ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። መፍትሔውም በእጃቸው ነበር። እነሱ የሚያውቁት እንዶድ ነጠላና ጋቢ እንደሚያነጣ ነው፤ ዶክተሩ የሚያውቁት ቀንድ አውጣው የበሽታው ማደሪያ መሆኑን ነው። ሁለቱ ዕውቀቶች የተገናኙት በዚያች ወንዝ ዳር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጋጣሚ አይደለም፤ ድካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ በዶክተር አክሊሉ ስም ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተደረገው ጥናት ውሃው በእንዶድ እየታከመ ውጤቱ ተመዘነ፤ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከአገሪቱ የተለያዩ አካባቢዎች የእንዶድ ዝርያዎችን አሰባስበው እያነጻጸሩ አጠኑ፤ ከተመረጡት አንዱ ዓይነት 44 የሚባለው ነው። ቀንድ አውጣ ገዳዩ ንጥረ ነገር ተለይቶ ሲወጣ ሌማቶክሲን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ። ከወንዙ ዳር እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት ነው! በመሃሉ የገንዘብ እጦት፣ የውጭ ተቋማት ጥርጣሬና ማለቂያ የሌለው የደኅንነት ምርመራ ጥያቄ ነበር።

ሌላም አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ዶክተር አክሊሉ የክብር ዲግሪ ለመቀበል ኦሃዮ ወደሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በዚያን ጊዜ ዜብራ መስል የሚባል ዛጎል ለበስ የውሃ እንስሳ የታላላቆቹን ሐይቆች የውሃ ቧንቧ እየደፈነ ያስቸግር ነበር። እንዶድ ተሞከረ፤ ሠራ። ቀጥሎም የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተጠየቀ፣ ተሰጠም። ያኔ ነው ጥያቄው የመጣው፦ የእንዶድን ኃይል ከትውልድ ትውልድ ይዘው የቆዩት የኢትዮጵያ ገበሬዎችና እናቶች ድርሻቸው ምንድነው? ጥያቄው በዓለም ደረጃ ሲያነጋግር ቆየ። አገራችንም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀትን በሕግ ጠብቃለች። ሕጉ መኖሩ ጥሩ ነው። ግን የዚያችን ሴት ስም ማን ያውቃል? ቀንድ አውጣው ላይ አረፋውን የጨመረችው እጅ በታሪኩ ውስጥ ስም አልባ ናት።

ከዚህ ምን እንማራለን? “ዕድል የተዘጋጀን ሰው ትወዳለች” የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። እውነት ነው፤ ሌላ ሰው የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ረግጦ ባለፈ ነበር። ለእኔ ግን ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው። ዶክተሩ አዩ፤ አይተውም ጠየቁ። ከውጭ አገር ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ልብስ አጣቢን “እስቲ ከዚህ ትንሽ ጨምሪልኝ” ማለቱ ነው ታሪኩን የከፈተው።

ዛሬም ቢልሃርዝያ አልጠፋም። በዝዋይና በጣና ዙሪያ አሁንም አለ። ለተማሪዎች የሚታደለው ፕራዚኳንቴል ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ትሉን ይገድላል፤ ነገር ግን ልጁ በማግስቱ ወደዚያው ውሃ ሲገባ ዳግም ከመያዝ አያድነውም። የውሃው፣ የመጸዳጃውና የቀንድ አውጣው ጉዳይ ገና የቤት ሥራችን ነው።

ስለዚህ በማስተማር ላይ ያላችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተማሪዎቻችሁን ወደ መስክ ስትልኩ ለመጠይቁ ቅጽ አንድ ባዶ ቦታ ጨምሩበት፦ “እርስዎ ስለዚህ ነገር ምን ያውቃሉ?” የሚል። መልሱን የሰጠው ሰው ከፈቀደም ስሙን ጻፉት፤ ጥናቱ ሲታተምም አመስግኑት። አጋጣሚ መቼ እንደሚመጣ አናውቅም። ሲመጣ ግን ያገኘነውን ሰው ስም መያዝ በእጃችን ነው።