አባት የገዛው ኢንሹራንስ ልጁን ይሸፍናል?

አንድ መኪና ያለው፣ መንጃ ፈቃድ ያላቸው አራት ሰዎች የሚኖሩበት ቤት አስቡ። የኢንሹራንሱ ውል በአባት ስም ነው። ልጅ አስፈቅዳ ስትነዳ ሰው ብትገጭ ካሳውን ማን ይከፍላል? ቀላል ይመስላል አይደል? የእንግሊዝ ሕግ ግን መልሱ ላይ ለመድረስ ብዙ ተንገላቷል።

ችግሩ የሚጀምረው ከውል ባሕርይ ነው። በቆየው የእንግሊዝ መርህ ውል የሚያስረው ሁለቱን ተዋዋዮች ብቻ ነው። ኩባንያው «በባለቤቱ ፈቃድ የሚነዳውንም እሸፍናለሁ» ብሎ ቢጽፍ እንኳ፣ ነጂው አልፈረመም፣ አረቦንም አልከፈለም። ታዲያ በምን መብቱ ይጠይቃል?

በ1924 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ጉዳይ ቀረበለት። የመኪናው ባለቤት እህት እየነዳች ሰው ጎድታለች፤ ባልቲክ የተባለው ኢንሹራንስ ደግሞ አልከፍልም ብሏል። ፍርድ ቤቱ ግን ባለቤቱ ውሉን የገባው ለእህቱም ጭምር ነው ብሎ ፈረደለት።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ አንዲት ልጅ የአባቷን መኪና በፈቃዱ ስትነዳ ተጋጨች። የተጎዳችው ሴት ልጅቷን ከስሳ ረታች፤ ገንዘቡን ግን ከልጅቷ ማግኘት አልቻለችም። ወደ ኢንሹራንሱ ዞረች። የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የለንደኑ ፕራይቪ ካውንስል በ1932 ጥያቄዋን ውድቅ አደረገ፦ ልጅቷ ተዋዋይ አይደለችም፣ አባትየውም በእሷ ስም የመዋዋል ሐሳብ አልነበረውም ተባለ።

እንደ መሐንዲስ ስናየው የተቆረጠ ሰርኪት ነው። ገንዘቡ ኩባንያው ጋ አለ፣ ጉዳቱ ተጎጂዋ ጋ አለ፤ መሐል ያለችው ልጅ ግን ከውሉ ጋር አልተገናኘችም።

የሚገርመው፣ እንግሊዝ አገር ውስጥ ሽቦው ቀድሞ ተቀጥሎ ነበር። የ1930ው የመንገድ ትራፊክ ሕግ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስን ግዴታ ከማድረጉም በላይ፣ ኩባንያው በውሉ እሸፍናቸዋለሁ ላላቸው ነጂዎች በቀጥታ ተጠያቂ እንዲሆን ደነገገ። ሕጉ ግን ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ አይሠራም ነበር።

ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ጥያቄው መልኩን ቀይሯል። የወጣት ነጂ አረቦን ውድ ስለሆነ፣ ልጁ በየቀኑ የሚነዳውን መኪና ወላጅ «ዋናው ነጂ እኔ ነኝ» ብሎ የሚያስመዘግብበት ጊዜ አለ። ይህ «ፍሮንቲንግ» ይባላል፤ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል፤ ኩባንያውም ውሉን ሊሰርዝ ይችላል። ስለዚህ የቤታችሁን መኪና ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ውሉን አንብቡት፦ ማን ይነዳል ይላል? በእውነትስ የሚነዳው ማን ነው?