ጉድለት፣ ኮታ፣ ውጤት ተኮር፦ የሱቅ ኃላፊ ሥራ በምን ሲለካ ኖረ?

ከእኛ ግቢ የወጣ ሁሉ የውኃ መሐንዲስ አልሆነም። በ1979 ዓ.ም የአርባ ምንጭ ውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ሲጀመር ነገሩ እንደዚያ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወዲህ ግን አካውንታንቱም፣ ማኔጅመንት ያጠናውም፣ ኢኮኖሚስቱም ከዚሁ ወጥቷል። ከእነዚህ መካከል ዛሬ የሱፐርማርኬት፣ የሸማቾች ማኅበር ሱቅ፣ የመድኃኒት መደብር ወይም የባንክ ቅርንጫፍ ኃላፊ የሆናችሁ ጥቂት አይደላችሁም። በጀት ዓመቱ ሲጀምር አንድ ወረቀት ይደርሳችኋል፤ የዓመቱ ግብ የሚባለው። ስንት ብር እንደምትሸጡ፣ በስንት በመቶ እንደምታድጉ ተጽፎበታል። ያ ወረቀት በአገራችን የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ማወቅ ደግሞ በሐምሌ ጠረጴዛ ዙሪያ ለመከራከር ይረዳል ብዬ አምናለሁ።

ጥንት ግብ የሚባል ነገር አያስፈልግም ነበር፤ ባለሱቁና ሻጩ አንድ ሰው ነውና። አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ተቆርቁራ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት ከጨንቻ ደጋ ወደ ቆላው ሲወርድ፣ ነጋዴውም ተከትሎ ወረደ። በሴቻም ሆነ በሲቀላ ከባንኮኒ ጀርባ የሚቆመው ባለቤቱ ራሱ ወይም ሚስቱ ናት። የእንደዚህ ዓይነቱ ነጋዴ የሚለካ ግብ ዕቁብ ነበር ብል የምሳሳት አይመስለኝም። ዕቁብ ቀኑ የታወቀ፣ መጠኑ የታወቀ፣ ሰበብ የማይቀበል ነው። ዳኛው ፊት ቀርቦ «ገበያው ቀዝቅዞ ነው» ማለት አያስኬድም። በኋላ ፈረንጆቹ በመጽሐፍ የጻፉትን የግብ መስፈርት ዕቁብተኛው ያለ አስተማሪ ያውቀው ነበር፤ ልዩነቱ መጠኑን የመረጠው ራሱ መሆኑ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሱቁ ባለቤቱ ለሌለበት ሰው ሲሰጥ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለዚህ የነበራቸው መልስ ንብረትን መቁጠር ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22፣ በመካከል ቢን ካርድ፣ በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ። ንብረት ክፍልና ገንዘብ ያዥ ለመሆን ዋስ መጥራት ግዴታ ነበር፣ አሁንም በብዙ ቦታ እንደዚያው ነው። በዚህ ሥርዓት ጥሩ ኃላፊ ማለት ብዙ የሸጠ ሳይሆን ጉድለት ያልተገኘበት ነው። ጉድለት የምትለዋ ቃል ስንት ቤት እንዳፈረሰች ወላጆቻችን ያውቁታል፤ ደመወዝ ተቆርጧል፣ ዋስ ተከሷል፣ ሰው ታስሯል።

ይሁን እንጂ ጉድለት ሁሉ ሌብነት አይደለም። እስቲ በቀላል ሒሳብ እንየው። 50 ኪሎ የሚመዝን የስኳር ጆንያ በኪሎ በኪሎ እየተመዘነ ሲሸጥ ሻጩ ለደንበኛው በእያንዳንዱ ኪሎ 10 ግራም ብቻ ቢያደላ፣ ከአንድ ጆንያ 500 ግራም ይሄዳል። 100 ጆንያ ሲሸጥ 50 ኪሎ ጎደለ ማለት ነው፤ አንድ ሙሉ ጆንያ። ማንም አልሰረቀም፤ ሚዛኑ ወደ ገዢው ትንሽ ዘንበል ብሏል እንጂ። ለብክነት የሚታሰብ መጠን አስቀድሞ ካልተቀመጠ ሻጩ ሁለት ምርጫ ብቻ አለው፦ ከኪሱ መክፈል ወይም ሚዛኑን ወደ ራሱ ማዘንበል። ሸማቹ «የቀበሌ ሱቅ ኪሎ አይሞላም» እያለ ሲያማ፣ ሐሜቱ ከፊሉ የሻጩ ጥፋት፣ ከፊሉ ግን የመለኪያው ጥፋት እንደነበር አስባለሁ።

የቀበሌ ሱቅ ስንል ወደ ደርግ ዘመን ገባን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ ማኅበር አደራጀ፤ ብዙም ሳይቆይ ቀበሌዎቹ ሱቅ ከፈቱ። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይት በቤተሰብ ቁጥር ተተምኖ በካርድ ይታደል ነበር። በዚያ ዘመን የሱቅ ኃላፊን በሽያጭ መጠን መለካት ትርጉም አልነበረውም፤ የመጣው ዕቃ ሁሉ በአንድ ቀን ያልቃልና። ሰልፉ ከሌሊት ይጀምራል። መለካት የነበረበት ለየቤቱ የተመደበው በትክክል ለየቤቱ ደርሶ እንደሆነ ነው፤ ያን የሚለካ ግን ሰልፈኛው ብቻ ነበር፣ እሱም ሪፖርት አይጽፍም።

ቁጥሩ የበዛው ከሱቁ ይልቅ በግዢው በኩል ነው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ በሕዝቡ አጠራር እሰገድ፣ ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ያወርድ ነበር። ይህን ያህል ኩንታል፣ በዚህ ዋጋ። የዝናቡ ነገር ኮታው ውስጥ የለም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ኮታውን ሞልቶ ይወደሳል፤ ምርት ያጣው ገበሬ አንዳንዴ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። በ1982 ዓ.ም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው በመጀመሪያ ያራገፈው ይህን ኮታ ነው። እኔ እንደማስበው ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ «ግብ» ሲባል ፊቱ የሚጨልመው፣ ቃሉ በጆሮው ኮታ እያለ ስለሚሰማው ነው።

ለጋሞ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሙዝ ነው። ኢትፍሩት በ1972 ዓ.ም ተቋቁሞ አትክልትና ፍራፍሬን በራሱ መደብሮች መሸጥ የጀመረ የመንግሥት ድርጅት ነው፤ አዲስ አበባ የተማራችሁ ወይም የኖራችሁ መሸጫዎቹን ታስታውሳላችሁ። ሙዝ ደግሞ የሱቅ ኃላፊን መለኪያ ሁሉ የሚፈትን ዕቃ ነው። ከላንቴና ከጫኖ ጥሬውን ይቆረጣል፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ይጓዛል፣ አዲስ አበባ ማብሰያ ቤት ገብቶ ይበስላል፣ ከዚያ ቀናት ብቻ አሉት። በመንገድ ይቀጠቀጣል፣ ሲበስል ክብደት ይቀንሳል፣ ሳይሸጥ ከሰነበተ ይጠቁራል።

እንግዲህ የሙዝ መሸጫ ኃላፊውን በምን እንለካው? በሽያጭ ብቻ ብንለው ብዙ ያዝዛል፤ የሚሸጠውን ይሸጣል፣ የተረፈው ከኋላ በር ወደ ቆሻሻ ይወጣል። በብክነት ብቻ ብንለው ጥቂት ያዝዛል፤ ምንም አይበላሽም፣ ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ የመጣ ደንበኛ ባዶ መደርደሪያ ያገኛል፣ ላንቴ ያለው ገበሬም ሙዙን የሚወስድለት ያጣል። በጉድለት ብንለው ደግሞ ተፈጥሮ የቀነሰችውን ክብደት ኃላፊው ይከፍላል። ሁለቱን ወይም ሦስቱን አብሮ ከማየት ሌላ መንገድ የለም።

ውኃ ያጠናችሁ ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። የመስኖ ቦይ በር ጠባቂን ወንዙ ስላነሰ አትቀጡትም፤ የኩልፎ ፍሰት በደጋው ዝናብ ይወሰናል። የምትጠይቁት ከበሩ የገባው ውኃ ስንቱ ማሳ ደረሰ፣ ስንቱ በመንገድ ቀረ ብላችሁ ነው። ከበሩ በላይ ያለው የሰማይ ነው፤ ከበሩ በታች ያለው የእሱ ነው። የሱቅ ኃላፊም በር አለው። የጭነት መኪናው መዘግየት፣ የዋጋ ተመኑ፣ የመብራት መቋረጡ ከበሩ በላይ ናቸው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ይህን በቀላሉ አልተማሩትም። ፒተር ድራከር እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም በታተመው መጽሐፉ ሥራን በግብ መምራት የሚለውን ሐሳብ ሲያስተዋውቅ፣ በሰፊው ካተታቸው ድርጅቶች አንዱ ሲርስ የተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ኩባንያ ነበር። ያው ሲርስ እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም በካሊፎርኒያ ክስ ቀረበበት፤ የመኪና ጥገና ክፍሎቹ ሠራተኞች በሽያጭ ኮታና በኮሚሽን እየተገፉ ለደንበኛ የማያስፈልግ ጥገና ይሸጡ ነበር ተባለ። ኩባንያው ያን የክፍያ ሥርዓት አቆመ። በዚያው ዓመት ካፕላንና ኖርተን የተባሉ ሁለት ሰዎች ገንዘብ ብቻውን መለኪያ አይሁን፣ ደንበኛው፣ የውስጥ አሠራሩ፣ መማርና ማደግም ይታዩ ብለው አንድ ጽሑፍ አወጡ።

ያ ጽሑፍ ነው ተመንዝሮ እኛ ዘንድ ቢኤስሲ ሆኖ የደረሰው። ከቢፒአር ቀጥሎ መጣ፤ መምህራኖቻችን በየስድስት ወሩ የሞሉትን ቅጽ አይረሱትም። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ግቡን ያወረደውም፣ የሞላውም፣ ያጸደቀውም ያው አንድ ሰንሰለት ስለሆነ፣ ከ90 በመቶ በታች የሆነ ውጤት ማየት ብርቅ ሆነ። ሁሉም 95 ሲያገኝ መለኪያው አልለካም ማለት ነው።

ሱቁ ዘንድ ደግሞ በዚያው ዘመን ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። በ1991 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 147 የኅብረት ሥራ ማኅበራትን እንደገና ሕጋዊ መሠረት ሰጣቸው፤ የኑሮ ውድነቱ ሲብስ የሸማቾች ማኅበራት በተመን ስኳርና ዘይት ማከፋፈል ያዙ። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም መንግሥት በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ፤ በወራት ውስጥ አብዛኛውን አነሳው፣ ስኳርና ዘይት ግን በቁጥጥር ቀሩ። የሸማቾች ሱቅ ኃላፊው እንደገና የ1970ዎቹ ባልደረባው ያለበት ቦታ ቆመ፤ ዕቃው ሲመጣ ሰልፍ፣ ሲያልቅ ወቀሳ። ኢትፍሩትም በ2008 ዓ.ም ከጅንአድ፣ ከእህል ንግድና ከአለ በጅምላ ጋር ተጠቃልሎ የኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ውስጥ ገባ።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ እንመለስ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለአርባ ምንጭ ቅርንጫፍ ግብ የሚያወጣ ሰው ዓመቱን ለ12 አካፍሎ ይልካል። የጋሞ ዓመት ግን ለ12 አይካፈልም። መስከረም ላይ መስቀል አለ፤ ሽሮ ሜዳ የሚሸምነው የዶርዜ ልጅ ሳይቀር ወደ አገሩ የሚገባበት፣ ቅቤው፣ ሥጋው፣ ልብሱ የሚገዛበት። ተማሪው ለክረምት ሲበተን የግቢ አካባቢ ሱቆች ይቀዘቅዛሉ። ወተትና ቅቤን በዐቢይ ጾም ይቀንሳል ብሎ መገመት ለአዲስ አበባ ልክ ሊሆን ይችላል፤ እጅግ ብዙ ሰው ፕሮቴስታንት በሆነበት በጋሞ ግን ቅናሹ ያን ያህል እንደማይሆን ማንም የሲቀላ ባለሱቅ ይነግራችኋል። የሚነግራችሁ ግን ከጠየቃችሁት ነው።

በ2016 ዓ.ም የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብት ከፍቷል። የሚመጡት ከመጡ በየሰዓቱ የሚቆጥር ሶፍትዌር ይዘው ነው የሚመጡት፤ ከእናንተም አንዳንዶቹ ትቀጠራላችሁ። ግቡ ሲወርድላችሁ ለመነጋገር ሦስት ቁጥር ይዛችሁ ብትገቡ ይበቃል፦ ባለፈው መስቀል ሰሞን ስንት ተሸጠ፣ ስንት ተበላሽቶ ተጣለ፣ ጭነቱ በዓመቱ ውስጥ ስንት ቀን ዘገየ። ሦስቱም በየሱቃችሁ ቢን ካርድና ሞዴል 19 ላይ አሁንም ተጽፈው አሉ፤ አንዳንዱ በእርሳስ ነው።