የሚበላ ድንጋይ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የድንጋይ ወሬ ላውራችሁ። የካብ ድንጋይ አይደለም። በአገራችን የእጅ መብራቱን «ባትሪ» እንለዋለን፤ ሆዱ ውስጥ የሚገባውን ደግሞ «ድንጋይ»። ፍላሽ ስልም ያቺን ዘፈን የምትገለብጡባትን አይደለም፤ ካሜራ አናት ላይ ተቀምጣ ብልጭ የምትለዋን ነው።

ቦታው መካነ ሰላም ነው። ከደሴ ተነሥታችሁ፣ ጉጉፍቱ ላይ በብርድ ተንቀጥቅጣችሁ፣ አቀስታን አልፋችሁ የምትገቡባት የቦረና ከተማ። ከፍታዋ 2600 ሜትር ገደማ ነው፤ በስተምዕራብ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፣ ማዶው ጎጃም ነው። የጥር ሌሊት እዚያ አጥንት ይቆረጥማል። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው።

ያኔ ፎቶ ቤት ገና መቀጠሬ ነው። ከከተማ ወጣ ያሉ አንድ አባት ልጃቸውን ሊድሩ ነው ተባለና ተላክሁ። ከመንገድ ዳር ሱቅ ርካሽ ርካሹን አራት ድንጋይ ገዝቼ ፍላሹ ውስጥ ከተትኩ። ሞከርኩት፤ ብልጭ አለ። «አለቀ፣ ደቀቀ» ብዬ ሄድኩ።

ዳሱ ጨለማ ነው፤ ጀነሬተሩ የሚያበራው አንዲት አምፖል ብቻ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ብልጭ! ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ ብልጭ! ሠላሳ ጊዜ ያህል እንደበረቀ ፍላሹ «ሲይይይ» እያለ ማልቀስ ጀመረ። ዝግጁ ነኝ የምትለዋ ቀይ መብራት አልበራ አለች። አምስት ሰከንድ፣ አሥር፣ አሥራ አምስት። በዚህ መሀል ሙሽሪት ተንበርክካ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ አባትም ጎንበስ ብለው መረቁ። እኔ ተጫንኩት። ካሜራው ቀጭ አለ፤ ፍላሹ ጭጭ።

ከሳምንት በኋላ ሽማግሌው ፎቶ ቤት መጡ። ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት፣ አራቁት፣ ደግመው አስጠጉት።

«ልጄ፣ የደከመው የእኔ ዓይን ነው ወይስ ያንተ ድንጋይ?»

«ድንጋዩ ነው አባባ» አልኩ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ነገሩን መመርመር የያዝኩት ከዚያ ወዲያ ነው። የገባኝን በሠርግ ቤት ዕቃ ላስረዳችሁ። ፍላሽ ውስጥ አንዲት ዋንጫ አለች፤ ባለሙያዎቹ ካፓሲተር ይሏታል። 300 ቮልት ገደማ ትሞላና ባንድ ትንፋሽ ትደፋዋለች፤ ብልጭታው እሱ ነው። (ድንጋዩ ወጥቶም ቢሆን ዋንጫዋ ሙሉ ልትሆን ትችላለች፤ ፍላሽ ፈትታችሁ እንዳትነካኩ።) ዋንጫዋን የሚሞሉት ድንጋዮቹ ጋኖች ናቸው። ጋኑ ሞልቶ አፉ ጠባብ ከሆነ ግን አሳላፊው ዋንጫውን ደቅኖ ቆሞ ይቀራል፣ እንግዳው ይጠማል። ርካሹ ድንጋይ እንደዚያ ነው። ራዲዮ ጠብ ጠብ እያደረገች ስለምትጠጣ አብራው ትከርማለች፤ ፍላሽ ግን ጉሮሮው ሰፊ ነው።

ስለዚህ 1.5 ቮልት የተጻፈበት አልካላይን፣ 1.2 የተጻፈበትን ቻርጅ የሚደረግ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ይበልጣል ብላችሁ እንዳትሞኙ። አልካላይኑ 1.5 ብሎ ይፎክራል፣ ፍላሽ ጎተት ሲያደርገው ቁልቁል ይወርዳል። ያኛው 1.2 አካባቢ ጸንቶ ይቆያል፤ አፉ ሰፊ ነው። ብርድም ከአልካላይኑ ይልቅ ይችላል።

ታዲያ የቱን እንግዛ? ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር፣ ሚሊአምፒር አወር የሚሉት፣ የጋኑን ሆድ ነው የሚነግራችሁ። ስለ አፉም፣ ያፈስ እንደሆነም አይናገርም። የቀድሞዎቹ ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮች ሞልተው ቢቀመጡ በሳምንታት ውስጥ እየሟሸሹ ያልቁ ነበር። የጃፓኑ ሳንዮ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢነሉፕን ያወጣው ይህን ቀዳዳ ሊደፍን ነው፤ ያ ነጭ ድንጋይ ዓመት ቢቀመጥ እንኳ አብዛኛውን ይዞ ይጠብቃል። ቁጥሩ 2000 አካባቢ ነው። በዚያው የጣት ቁመት 4000 የሚል ካያችሁ ግን ሻጩን በፈገግታ ተሰናብታችሁት ውጡ።

አራቱ ድንጋዮች በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ናቸው። አሮጌና አዲስ ካቀላቀላችሁ ደካማው ቀድሞ ባዶ ይሆናል፤ ሌሎቹም በግድ እየነዱት ያበላሹታል። እኔ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌባቸዋለሁ፤ ቀዮቹ አራት ከቀዮቹ ጋር፣ ነጮቹ ከነጮቹ ጋር ይውላሉ፣ ያድራሉ። ቻርጀሩም እያንዳንዱን ለብቻው የሚመግብ ይሁን፤ ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ የሚሞላው የጠገበውንና የተራበውን አይለይም። መብራት ሲጠፋ ከመኪና የሚሞላ ቻርጀር ደግሞ ባለውለታ ነው።

አሁን አሁን እንደ ጎዶክስ ያሉት ኩባንያዎች አንድ ወፍራም ሊቲየም ባትሪ የሚይዙ ፍላሾች ሠርተዋል። ፈጣን ናቸው፣ አልክድም። ዳስ ውስጥ ካለቀ ግን ምትኩን ከየት ታመጣላችሁ? ደብል ኤ የሚሉትን የጣት ድንጋይ ግን የመንደር ሱቅም አያጣውም፤ ለክፉ ቀን ይሆናል። ሊቲየሙን የመረጠ ተጨማሪ አንድ ይያዝ።

በዓመቱ እኒያው አባት ታናሽቱን ዳሩ። ፎቶ አንሺው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔው! ሲያዩኝ ሳቁና «ዛሬስ ድንጋይህ በልቷል?» አሉ። ከውስጥ ኪሴ፣ ከደረቴ ሥር ለውርጩ ብዬ የያዝኳቸውን አራቱን አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኳቸው።

«ይሞቃል!» አሉ ተገርመው።

ሙሽሪት ተንበርክካ ቀኝ ጉልበታቸውን ሳመች። ብልጭ! አባት ዓይናቸውን ጨፈኑ። በልቤ «ወይኔ» አልኩ። ግን ወደ ግራው ጉልበት ቀና ሳትል ቀይዋ መብራት በርታ ነበር። ብልጭ!

ሁለተኛው ፎቶ ዛሬም ግድግዳቸው ላይ አለ፤ ዓይናቸው ፍጥጥ ብሎ።